ግንበኛው ጠመኔ ቢይዝስ?

ጎንደር ፋሲል ግቢ የገባ ጎብኚ ዐይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ከፍታው ላይ ነው። ከዚያ ድምድማታቸው እንደ እንቁላል የሞላላውን የማዕዘን ማማዎች ያያል፤ በሮቹንና መስኮቶቹን ያቀፈውን ቀይ ድንጋይ ያያል፤ ፎቶ ይነሳል። ጥቁሩን ድንጋይ ከድንጋይ ጋር አያይዞ አራት መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበውን ነጭ ነገር ግን ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው። እሱ ኖራ ነው፤ የዛሬው ጽሑፍም ከእሱ ይነሳል።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ ከህንድ የመጣ አንድ ድንጋይ ጠራቢ ለኖራ የሚሆን ድንጋይ አግኝቶ አሠራሩን እንዳሳየ የዘመኑ ጽሑፎች ያወሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1648 ወደ ጎንደር የመጣው የየመን መልእክተኛ ሐሰን አል ሐይሚም የአፄ ፋሲልን ቤተ መንግሥት አድንቆ ሲጽፍ፣ ሠሪው ህንዳዊ መሆኑን ጠቅሷል። ይህን ሲሰማ ቅር የሚለው ሰው አይጠፋም። «ታዲያ የእኛ አይደለም ልትለን ነው?» ይላል።

እኔ ነገሩን ከሌላው ጫፍ ነው የምይዘው። ሙያው ከባሕር ማዶ ሲመጣ እዚህ ባዶ እጅ አልጠበቀውም። ላሊበላን ከአለት የፈለፈለ፣ በይምርሐነ ክርስቶስ ድንጋይና እንጨት እያፈራረቀ የደረደረ እጅ ነው የተቀበለው። ጠራቢው፣ አናጢውና የአካባቢው ድንጋይ እዚሁ ነበሩ። ኖራው በዚያ ላይ ተጨመረ። ከአፄ ፋሲል በኋላ የመጡት ነገሥታትም እስከ እቴጌ ምንትዋብ ድረስ ከመቶ ዓመት በላይ ገነቡበት። ውጤቱን ህንድ ሄደው ቢፈልጉት አያገኙትም፤ የመንም የለም። ያለው ጎንደር ነው። ባህል ከባህል ጋር ተለዋወጠ የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው፤ ሰጪም ተቀባይም በእጁ የያዘው ሙያ ሲኖር።

ያው ግንብ ሌላም ታሪክ አለው። በጣሊያን ወረራ ዘመን አንዳንዶቹ ሕንፃዎች በሲሚንቶና በአርማታ ተጠገኑ። ሲሚንቶ ጠንካራ ስለሆነ ጥገናው ዘመናዊና አስተማማኝ ይመስል ነበር። ይሁን እንጂ ኖራ ይተነፍሳል፤ ግንቡ ውስጥ የገባው እርጥበት በኖራው በኩል ቀስ እያለ ይወጣል። ሕንፃው ጥቂት ሲንቀሳቀስም ኖራው አብሮ ይላመዳል። ሲሚንቶ ግን ግትር ነው። እርጥበቱን ስለሚያፍነው ውሃው መውጫ ፍለጋ በድንጋዩ በኩል ይመጣል፤ ይዞት የመጣው ጨው ደግሞ የድንጋዩን ፊት ይልጠዋል። በኋላ የመጡት የጥገና ባለሙያዎች ሲሚንቶውን አንስተው ወደ ኖራ መመለስ ነበረባቸው።

የመጀመሪያው መማማር ነበር፤ ሁለተኛው ጭነት። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ዛሬ በኮሌጆቻችንና በዩኒቨርሲቲዎቻችን ግንባታ የምናስተምረው በየትኛው መንገድ ነው?

ከስዊድን እስከ ካታሎንያ፣ ልደታ ላይ

የአዲስ አበባ ሰው «ሕንፃ ኮሌጅ» ብሎ የሚያውቀው የልደታው ግቢ ራሱ የሁለት አገሮች ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ሲቋቋም ስሙ የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም ነበር። አገሪቱ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ መንገድና ድልድይ ትፈልግ ነበርና መሐንዲስ ማፍራት ነበረባት፤ ተቋሙም አፈራ። ለዚያ ባለውለታችን ነው። ይሁን እንጂ በመላ አገሪቱ እንዲህ ያለው ትምህርት በተስፋፋ ቁጥር አንድ ነገር አብሮ ሥር ሰደደ፦ «ግንባታ» ማለት ሲሚንቶ፣ ፌሮና ብሎኬት ማለት ሆነ። አብዛኛው ሕዝብ የሚኖርበት የጭቃ ቤት የትምህርት ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የድህነት ምልክት ብቻ ሆነ።

በዚያው ግቢ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ አንድ ሌላ ነገር ተሞከረ። እ.ኤ.አ. በ2010 የዛሬው ኢንስቲትዩት (በአጭር ስሙ ኢአይኤቢሲ) ከዙሪኩ የፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም ጋር ሆኖ «ሱዱ» የተባለች ባለ አንድ ፎቅ የሙከራ ቤት ሠራ። የምድር ቤቷ ግድግዳ በቅርጽ ውስጥ እየተጠቀጠቀ የተሠራ አፈር ነው። የላይኛው ግድግዳ ከተጨመቀ የአፈር ጡብ ነው። ወለሉና ጣሪያው ግን የበለጠ ያስገርማል፤ ፌሮም ወራጅም የላቸውም።

ስስ ጡቦች በጠፍጣፋ ጎናቸው እየተጋደሙ፣ በጄሶ እየተያያዙ ወደ ላይ ይጎብጣሉ። ጄሶ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚይዝ ጡቡ ሥሩ ድጋፍ ሳያስፈልገው አየር ላይ ይቆማል። አንዱ ድርድር ሲያልቅ ሁለተኛው በላዩ ይደረባል። ሸክሙን የሚሸከመው ቅርጹ ነው፤ የጡቡ ውፍረት አይደለም። ይህ ጥበብ ከስፔን ካታሎንያ ነው። ራፋኤል ጓስታቪኖ የተባለ ግንበኛ እ.ኤ.አ. በ1881 ወደ አሜሪካ ይዞት ተሻገረ። በኒውዮርክ ኤሊስ ደሴት፣ ስደተኞች ይመዘገቡበት በነበረው ታላቅ አዳራሽ ራስጌ ያለው ጣሪያ በእሱ ስም የተቋቋመው ድርጅት ሥራ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ያው ጥበብ ልደታ ደረሰ፤ ተማሪዎችና ግንበኞች በኢትዮጵያ አፈር ሠሩት።

ከሱዱ የምወስደው ትምህርት «አፈርም ይቻላል» ከሚለው ያልፋል። ቅርጹ ከካታሎንያ መጣ፤ አፈሩንና አፈር የለመደውን እጅ ያቀረበችው አገራችን ናት። ይህ የጎንደሩ ዓይነት ነው። ግን እንዲህ ያለ ሥራ በአመዛኙ የሚሠራው በፕሮጀክት ነው፤ ፕሮጀክት ደግሞ የማብቂያ ቀን አለው። መጽሐፍ ይታተማል፣ እንግዶቹ ይሸኛሉ፣ ቤቱ ግቢው ውስጥ ይቀራል። ሙያው ግን በየዓመቱ ለሚገባው ተማሪ ነጥብ የሚያሰጥ መደበኛ ኮርስ ካልሆነ ከእንግዶቹ ጋር ተሸኝቷል ማለት ነው።

«ገና አልቦካም»

የጭቃ ቤት ሲሠራ እያየ ያደገ ሰው ሒደቱን ያውቀዋል። ቋሚው ይተከላል፣ ማገሩ ይማገራል። አፈሩ ተቆፍሮ ይከመራል፣ መሐሉ ይጎደጉድና ውሃ ይሞላል። የጤፍ ጭድ ይነሰነስበታል፤ ሱሪ ተሰብስቦ በእግር ይረገጣል። ከዚያ ጭቃው ይተዋል፤ አንድ ቀን፣ ሦስት ቀን፣ እንደ አፈሩ ሳምንትም ሊሆን ይችላል። በየመሐሉ ውሃ ይጨመርበታል፣ እንደገና ይረገጣል። የቸኮለ ወጣት «አይበቃም?» ሲል አንድ አዛውንት ጎንበስ ብለው ጭቃውን በጣታቸው ያሻሹታል፣ ያሸቱታል። «ገና አልቦካም» ይላሉ።

በዚህች ቃል ውስጥ አንድ ሙሉ የትምህርት ክፍል አለ። ሸክላ የበዛበት አፈር ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሲኮማተር ይሰነጠቃል። ጭዱ በየአቅጣጫው ስለሚይዘው ትልቁ ስንጥቅ ለብዙ ጥቃቅን ስንጥቆች ይከፋፈላል። ጭቃው ሲብላላ ደግሞ ጭዱ መበስበስ ይጀምራል፤ ከመበስበሱ የሚወጣው ሙጫ መሰል ነገር አፈሩን ያያይዘዋል። የመጀመሪያው ምርጊት ሻካራ የሚሆነው ሁለተኛው እንዲይዝበት ነው። የመጨረሻው ልስን እበት የሚገባበትም በልማድ ብቻ አይደለም፤ እበት ውስጥ ያለው ደቃቅ የሣር ጭረት ፊቱን ከመሰንጠቅ ይጠብቀዋል። በቤተ ሙከራ ይህን ለማሳየት ሚዛን፣ ወንፊትና መጭመቂያ ማሽን ያስፈልጋል። አዛውንቱ በአፍንጫቸው አወቁት። ኮሌጅ የሚያስፈልገው የእሳቸውን ዕውቀት በሌላ ለመተካት አይደለም፤ «ለምን?» የሚለውን ጨምሮበት ለማያውቀው ለማስተላለፍ ነው።

ሌላም መነሳት ያለበት ነገር አለ። በብዙ አካባቢ የውስጡን ግድግዳ የሚለቀልቁት፣ መደቡን የሚደለድሉት፣ በየበዓሉ የሚያድሱት ሴቶች ናቸው። ግንበኛና አናጢ ስንል እነሱን አንቆጥርም፤ «ባለሙያ» የምንላቸው ወጥ ሲሠሩ ብቻ ነው። የባህላዊ ግንባታ ትምህርት ክፍል ተከፍቶ መምህራኑ በሙሉ ወንዶች ከሆኑ፣ ዕውቀቱ ግማሹን ደጅ ጥሎ ተጀመረ ማለት ነው።

ድህነትን ማወደስ አይደለም

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ አለ። «አንተ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ተቀምጠህ ሌላውን ጭቃ ቤት ግባ ትለዋለህ» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። እውነት አለው። የጭቃ ቤት እንጨት ይፈጃል፣ እንጨቱን ምስጥ ይበላዋል። የሣር ክዳን እሳት ይፈራል። ዝናብ የሚመታው ግድግዳ በየጊዜው ካልተመረገ ይራገፋል። የዶርዜ የቀርከሃ ቤት አዲስ ሲሆን እስከ 12 ሜትር ከፍ ይላል፤ ምስጥ ከሥሩ እየበላው ከዓመት ዓመት ያጥራል። ሰው ቆርቆሮና ብሎኬት የመረጠው ሞኝ ሆኖ አይደለም።

ኮሌጅ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው። ሙያው እንዳለ በመስታወት ውስጥ ይቀመጥ ከተባለ ሙዚየም ይበቃል። መሠረቱን በድንጋይ ከፍ ማድረግ፣ የጣሪያውን ክፈፍ አስረዝሞ ግድግዳውን ከዝናብ መከለል፣ ቀርከሃን አክሞ ከነፍሳት መጠበቅ፣ እንጨት የሚፈጀውን ግድግዳ በተጠቀጠቀ አፈር መለወጥ፤ እነዚህ ሁሉ ተሞክረው የሚታወቁ መፍትሔዎች ናቸው። የቀረው በምዕራፍ አደራጅቶ ለተማሪ ማቅረቡ ነው።

ደግሞ ጉዳዩ የገጠር ቤት ብቻ አይደለም። የአዲስ አበባን አሮጌ ቤቶች እናስብ፤ ታቹ ድንጋይ፣ ላዩ ጭቃና እንጨት፣ ዙሪያውን ሰገነት የዞረው። አርመን፣ ህንዳዊና ግሪካዊ ባለሙያዎች ከአገሬው አናጢ ጋር ሆነው የሠሯቸው ናቸው። ከመፍረስ የተረፉት ሲጠገኑ እንጨቱን የሚያውቅ አናጢ ይጠፋና ሲሚንቶ ይለሰናል፤ የጎንደር ስህተት በሌላ ከተማ ይደገማል።

ዲግሪና ኮብልስቶን

ትልቁ እንቅፋት ገንዘብ ይመስለናል። እኔ ግን ንቀት ነው እላለሁ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረዋል። አዋጅ ያስፈለገው ስድቡ ስለነበረ ነው። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን በስሙ ሳይሆን በስድብ የሚጠራ አገር ልጁን ጠራቢ እንዲሆን አይመክርም።

የቅርብ ጊዜ ማሳያው ኮብልስቶን ነው። በጀርመን ድጋፍ የድንጋይ ጠረባና ንጣፍ ሥልጠና ወደ ከተሞቻችን ሲገባ ሐሳቡ ጥሩ የሙያ ልውውጥ ነበር። ድንጋዩ የእኛ ነው፤ ጉልበቱም የእኛ ነው፤ የመጣው የአጠራረቡና የአነጣጠፉ ዘዴ ነው። ብዙ ወጣት እንጀራ በላበት፤ ጭቃ የነበረው የሰፈር መንገድም ተነጠፈ። ነገር ግን በሕዝቡ አፍ ኮብልስቶን ምን ሆነ? ቀልድ ሆነ። «ዲግሪ ይዞ ኮብልስቶን!» እየተባለ ተሳቀ። በሥራ አጥነቱ ብንቆጣ ተገቢ ነበር። የተሳቀው ግን በመሮውና በመዶሻው ነው። ድንጋይ መጥረብ የውድቀት ምልክት በሆነበት አገር የላሊበላ ጎብኚ ሲበዛ «አባቶቻችን አለት ፈልፍለው» ብለን እንፎክራለን። ሁለቱ አብረው አይሄዱም።

ሌሎች በሌላ መንገድ ሄደዋል። አሜሪካ፣ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ያለችው ቻርልስተን በአሮጌ ቤቶቿ የታወቀች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1989 ሂዩጎ የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመታት እነዚያን ቤቶች በወጉ የሚጠግን ለሳኝ፣ ጠራቢና አናጢ እንደ ልብ አልተገኘም። ከዚያ ችግር በኋላ የሕንፃ ጥበባት ኮሌጅ ተቋቋመ። ተማሪው ድንጋይ ይጠርባል፣ ብረት ይቀጠቅጣል፣ ልስን ይለስናል፤ ጎን ለጎን ሒሳብ፣ ሥነ ጽሑፍና ታሪክ ይማራል። ሲመረቅ የመጀመሪያ ዲግሪ ይይዛል። የእጅ ሥራውና ዲግሪው አንድ ላይ ስለሆኑ የሚሳቅበት የለም።

ፈረንሳይ ግሬኖብል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1979 የተመሠረተው ክራቴር የተባለ ተቋም ደግሞ ትኩረቱ አፈር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በከተማዋ የሥነ ሕንፃ ትምህርት ቤት በአፈር ግንባታ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ይሰጣል፤ ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከላቲን አሜሪካ የሚሄዱ ተማሪዎችንም ያስተምራል። አስቡት፦ ሚሊዮኖች በአፈር ቤት ከሚኖሩበት አገር የሄደ ወጣት ስለ አፈር ለመማር አውሮፓ ይሻገራል። ግሬኖብልን አልወቅስም፤ እነሱ ያከበሩትን ነው ያስተማሩት። ጥያቄው ወደ እኛ ነው።

ለመስጠት የሚበቃ እጅ

ልውውጥ ሲባል ሁልጊዜ እኛን ተቀባይ አድርጎ የማሰብ አባዜ አለብን። ኮንሶ ሄዶ ያየ ሰው ይህን ይተዋል። ያለ ማጣበቂያ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ብቻ ተክቦ፣ አንዳንድ ቦታ እስከ 5 ሜትር የሚደርስ የእርከን ግድግዳ ተራራውን ቀጥ አድርጎ ይዟል። ከተሞቹም በተመሳሳይ ካብ ታጥረዋል። ሥርዓቱ ከ400 ዓመት በላይ፣ 21 ትውልድ ተሻግሯል፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የኮንሶ ሰው ካቡን የሚጠግነው ለቱሪስት ብሎ አይደለም፤ ካቡ ከተናደ አፈሩ ይሄዳል፣ አፈሩ ከሄደ እህል የለም።

ከዚያ ሰባት ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2018፣ ስምንት የአውሮፓ አገሮች ያንኑ ያለ ማጣበቂያ የመካብ ጥበብ በማይዳሰስ ቅርስነት አስመዘገቡ። ከነሱ ውስጥ ክሮኤሽያ፣ ግሪክ፣ ጣሊያን፣ ስፔንና ስዊዘርላንድ ይገኙበታል። ስለዚህ ከኮንሶው ካቢ ጋር አንድ ቋንቋ የሚናገር ሰው በአውሮፓ ተራሮች አለ። አንዱ ውሃ እንዴት በካቡ ውስጥ እንዲያልፍ እንደሚያደርግ፣ ሌላው የማዕዘን ድንጋይ እንዴት እንደሚመርጥ ቢነጋገሩ አስተርጓሚ ብዙም አያስፈልጋቸውም። አንድ ዩኒቨርሲቲያችን ይህን ኮርስ ቢከፍት የውጭ ተማሪ ከፍሎ ይመጣል፤ አስተማሪው የኮንሶ ገበሬ ይሆናል። ያኔ ልውውጡ የእውነት ልውውጥ ነው።

ምን ይደረግ?

የማይቻል ነገር አልጠይቅም። አንደኛ፣ የሙያ ብቃት ምዘና፣ በተለምዶ «ሲኦሲ» የምንለው፣ ለኖራ ሥራ፣ ለጭቃና ለተጠቀጠቀ አፈር፣ ለደረቅ ካብ፣ ለቀርከሃ የየራሱ ደረጃ ይውጣለት። ሙያውን ከአባቱ የተማረ ሰውም ክፍል ሳይገባ ተመዝኖ ወረቀቱን ይያዝ። ሁለተኛ፣ በቅርስ ጥገና ውል ውስጥ «ይህን ያህል ተለማማጅ ከዋና ግንበኛው ሥር ይሠለጥናል» የሚል አንቀጽ ይግባ፤ ገንዘቡን መንግሥትም ይስጠው ለጋሽ አገር። ሦስተኛ፣ ቃሎቹ ይጻፉ። ወጋግራ፣ ማገር፣ ምርጊት፣ ካብ እያልን የምንጠራቸው ነገሮች በየአካባቢው ሌላ ሌላ ስም አላቸው፤ ስሙ ሲጠፋ አሠራሩም ይከተለዋል።

አራተኛውና ዋናው መምህሩ ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚቀጥረው በወረቀት ነው፤ ደንቡም የወጣው በምክንያት ነው። ነገር ግን ከዲግሪ ባለቤቱ መምህር ጎን ዋናው ግንበኛ፣ ዋናዋ መራጊ፣ ዋናው ካቢ የሚቆሙበት፣ ስማቸው የሚጻፍበት፣ ደመወዝ የሚቆረጥበት መደብ መፍጠር ይቻላል። እንግዳ ሆነው አንድ ቀን መጥተው ተጨብጭቦላቸው የሚሄዱበትን ማለቴ አይደለም። ጠመኔ ይዘው፣ ፈተና አውጥተው፣ ቱንቢ የሳተውን ተማሪ የሚጥሉበትን ማለቴ ነው።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ፋሲል ግቢ ባለበት ከተማ ነው። የአርባ ምንጩም ከዶርዜና ከኮንሶ ሩቅ አይደለም። ቦታው አለ፣ ሙያው አለ፣ ተማሪውም አለ። ከአራት መቶ ዓመት በፊት ከህንድ መጥቶ የኖራ አሠራር ያሳየው ጠራቢ ግን ዛሬ ቢመጣ፣ ዲግሪ ስለሌለው ከእነዚህ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱም መምህር አድርጎ አይቀጥረውም።